የቤት ጌም ኮንሶልን በእጅ ወደሚያዝ መለወጥ፦ ጀማሪ ከየትኛው ይጀምር?

ጀማሪ_16ቢት

ሰላም ለሁላችሁ። የቤት ኮንሶል ፈትቼ፣ ስክሪንና ባትሪ ጨምሬ፣ በእጅ የሚያዝ ማድረግ እፈልጋለሁ። ኢሙሌተር (ኮንሶሉን የሚያስመስል ፕሮግራም) የተጫነበት ትንሽ ኮምፒውተር ሳጥን ውስጥ መክተት አይደለም የምለው፤ የኮንሶሉ ዋና ቦርድ ራሱ እንዲሠራ ነው። ያሉኝ ሴጋ ሜጋ ድራይቭ 2፣ ኒንቴንዶ 64 እና ኒንቴንዶ ዊ ናቸው። ሦስቱም ይሠራሉ። ሶልደር ማድረግ እችላለሁ፤ እግራቸው እንደ ፀጉር በቀጠነ ቺፖች ላይ ግን ሞክሬ አላውቅም። ቴስተር አለኝ፣ ኦሲሎስኮፕ የለኝም።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ ከሦስቱ የቱን ላስቀድም? ቦርዱን ለማሳነስ መቁረጥ የግድ ነው? ስንት ባትሪ ስንት ሰዓት ያቆየኛል? ለመኪና የኋላ ካሜራ የሚሸጠው 5 ኢንች ስክሪን ላይ 12 ቮልት ተጽፏል፤ ባትሪዬ 12 ቮልት ካልሆነስ ምን አደርጋለሁ?

አምስት_ቮልት

ከሜጋ ድራይቭ 2 ጀምር። ሰው ኮንሶል የሚመርጠው በጌሙ ነው፤ ለመጀመሪያ ሥራ ግን መምረጥ ያለብህ በኤሌክትሪኩ ነው። ሜጋ ድራይቭ 2 ላይ ከአዳፕተሩ የሚመጣውን 10 ቮልት 7805 የምትባል ባለሦስት እግር ሬጉሌተር ወደ 5 ታወርደዋለች፤ አለቀ። ኒንቴንዶ 64 ከአዳፕተሩ ሁለት ቮልቴጅ ይቀበላል፣ 3.3 እና 12። ቦርዱ ተቆርጦ የሚሠራ ዊ ደግሞ አራት ይፈልጋል፦ 1.0፣ 1.15፣ 1.8 እና 3.3። ቮልቴጁ በበዛ ቁጥር የሚሳሳቱበት ቦታም ይበዛል።

ይህ ሐሳብ እብደት እንዳልሆነ እንዲገባህ ያህል፣ ሴጋ ራሱ ሜጋ ድራይቭን በ1995 እ.ኤ.አ. ኖማድ በሚል ስም በእጅ የሚያዝ አድርጎ ሸጦታል። 6 ደብል ኤ ድንጋይ ይበላ ነበር፣ ትልቁ ቅሬታም የባትሪው ነገር ነበር። ዛሬ ያለው ሊቲየም ሴል ያንን ችግር ፈትቶታል።

መቁረጥን ለአሁኑ እርሳው። ሙሉ ቦርዱን ይዘህ ሥራ፤ ወፍራም ይሁን፣ ግን ይብራ። የመጀመሪያ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሳጥኑ ቀድሞ ስለሚሠራ ነው። ሳጥን ከመታሰቡ በፊት ሁሉም ነገር ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ከባትሪ ብቻ እየሠራ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይቋረጥ ጌም መጫወት አለበት።

መጀመሪያ የምታደርገው መለካት ነው። ኮንሶሉን ሳትነካ፣ ቴስተርህን 10 አምፔር ቀዳዳ ላይ ሰክተህ ከአዳፕተሩ በሚመጣው አንዱ ሽቦ መሃል አስገባውና ጌም እየሠራ ንባቡን ጻፍ። አዳፕተሩ የሚሰጠው ቢበዛ 0.85 አምፔር ስለሆነ ከዚያ በታች ታገኛለህ። 7805 ትርፉን ቮልት በሙቀት የምታባክን ዓይነት ናት፤ አምፔሩን ግን አትለውጠውም። ስለዚህ በ10 ቮልት በኩል ያነበብከው አምፔር ቦርዱ በ5 ቮልት ከሚወስደው ጋር አንድ ነው ብትል አትሳሳትም።

ቀጥሎ 7805ን ትነቅላለህ። ጽሑፏ ወደ አንተ ሆኖ እግሮቿ ወደ ታች ሲሆኑ፣ ከግራ ወደ ቀኝ መግቢያ፣ ግራውንድ፣ መውጫ ናቸው። ለምን ትነቀላለች? ሁለት ሊቲየም ሴል በተከታታይ ሲያያዙ ሲሞሉ 8.4፣ ሲያልቁ ወደ 6 ቮልት ናቸው። 7805 ግን 5 ለመስጠት ወደ 7 ቮልት ግድም መግቢያ ትፈልጋለች። ባትሪው ገና ኃይል ይዞ ኮንሶሉ ይጠፋብሃል ማለት ነው። በእሷ ፋንታ 3 አምፔር የሚችል ባክ ኮንቨርተር (ቮልት አውራጅ ሞጁል) አስገባ፤ እሱ 90 በመቶ ገደማውን ኃይል ያሳልፋል፣ ብዙም አይሞቅም። በ7805 ልክ የተሠሩ ባለሦስት እግር ምትክ ሞጁሎችም አሉ፤ ግን አንዳንዶቹ 7 ወይም 8 ቮልት መግቢያ ይጠይቃሉ፣ ያኔ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለስክ። ወረቀታቸውን አንብብ።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ልብ በል። ባክ ኮንቨርተሩ የምትዞር ብሎን ካለችው፣ ከቦርዱ ጋር ሳታገናኘው በፊት 5.0 ላይ አስተካክለህ ለካ፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ የሚመጡት የትም ላይ ተስተካክለው ነው፣ 9 ቮልት በ5 ቮልት መስመር ከገባ የሚተርፍ ቺፕ የለም። ከተስተካከለ በኋላ ብሎኗን በጥፍር ቀለም ጠብታ አድርቃት፣ ስትነቀነቅ እንዳትዞር። ሁለተኛ፣ 7805ን ካወጣህ በኋላ የመግቢያዋ መስመር ወደ ሌላ ክፍል፣ ለምሳሌ ወደ ድምፁ ማጉያ፣ ይሄድ እንደሆነ በቴስተር ተከተለው። የቦርዶቹ እትም ይለያያል። የሚሄድ ከሆነ ያ ክፍል ያለ ኃይል ይቀርና ምስል መጥቶ ድምፅ ይጠፋል።

ቀጭን_ሽቦ

አምስት_ቮልት ያለው ልክ ነው፤ የባትሪውን ልጨምር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቦርዱ ቢበዛ 4.25 ዋት፣ 5 ኢንች ስክሪን 2 ዋት ገደማ፣ ድምፁ 1 ዋት በል። 7 ዋት ሆነ፤ በኮንቨርተሩ የሚባክነው ሲጨመር 8። 3000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሆነ አንድ 18650 የሚባል ክብ ሊቲየም ሴል በ3.6 ቮልት ሲባዛ 10.8 ዋት ሰዓት ይይዛል። ሁለት ሴል ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ፣ አራት ሴል 5 ሰዓት ግድም ያስኬዱሃል። አራት ከሆኑ ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ጥንዶቹን በተከታታይ አያይዝ።

በአንድ ሴል ቮልት ወደ 5 ማሳደግም ይቻላል፤ ግን ሴሉ ወደ ማለቁ 3.2 ቮልት ሲደርስ 8 ዋት ለማውጣት 2.5 አምፔር መጉረፍ አለበት። ሽቦው፣ ማብሪያው፣ ማያያዣው ሁሉ በዚያ ልክ መወፈር ይኖርበታል። በሁለት ሴል ተከታታይ ከ1 አምፔር ብዙም አትዘልም።

እነዚህን አትዝለላቸው፦ ሴሎቹ አዲስና አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ከማያያዝህ በፊት ቮልታቸው በ0.05 ውስጥ መቀራረብ አለበት። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሴል ለዚህ አይሆንም። በሴሉ ላይ በቀጥታ ሶልደር አታድርግ፣ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳል፤ የኒኬል ቅጠል የተበየደላቸውን ፈልግ፣ ወይም መያዣ ተጠቀም። የሴሉ ገላ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው። ፖዘቲቩ ራስ ላይ ያለው ፕላስቲክ ትንሽ ከተቀደደ፣ አላፊ ሽቦ ሁለቱን ያገናኝና እሳት ይሆናል። ክብ የወረቀት ቀለበት ራሱ ላይ ለጥፍ። ከባትሪው ፖዘቲቭ እንደወጣህ 3 አምፔር ፊውዝ።

ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላና እንዳያልቅ የሚጠብቀው የመከላከያ ቦርድ ለሁለት ተከታታይ የተሠራና ሴሎቹን የሚያመጣጥን ይሁን። ቻርጀሩም እንዲሁ 8.4 ቮልት የሚሰጥ የሊቲየም ቻርጀር መሆን አለበት። ያቺ በየቦታው የምትገኘው ትንሽ ሰማያዊ ቲፒ4056 ለአንድ ሴል ብቻ ናት፤ በሁለት ተከታታይ ላይ አትሠራም። ብዙ ሰው የሚደናገርበት ደግሞ ይኼ ነው፦ መከላከያ ቦርዱን ገና ስታገናኘው መውጫው ዜሮ ቮልት ሊያሳይህ ይችላል። አልተቃጠለም። ብዙዎቹ ቻርጀር እስኪሰካባቸው ድረስ ተቆልፈው ነው የሚቆዩት፤ ለአንድ ሰከንድ ቻርጀሩን ስካና ይከፈታል።

የስክሪኑን ጥያቄ ደግሞ እንዲህ ፍታው። 12 ቮልት የተጻፈው መኪና ስለሚሰጠው ነው፤ ውስጡ 12 አይፈልግም። የሚስተካከል የኃይል ምንጭ ካገኘህ ከ12 ጀምረህ ቀስ እያልክ አውርደውና የት እንደሚጠፋ እይ። እስከ 6 ቮልት ድረስ ብርሃኑ ሳይደበዝዝ ከቆየ በቀጥታ ከባትሪው አገናኘው፣ ሌላ ነገር አያስፈልግህም። ቀድሞ ከጠፋ፣ መግቢያው አጠገብ ያለችውን ቮልት አውራጅ ቺፕ ፈልግና በ12 እየሠራ ከአጠገቧ ካለው የሽቦ ጥቅል (ኮይል) ወዲያ ያለውን ለካ። 5 ካገኘህ ቺፗን ነቅለህ የራስህን 5 ቮልት እዚያ ላይ ታስገባለህ። 3.3 ካገኘህ 3.3 ነው የሚገባው፤ 5 እንዳታስገባበት። ይህ ከከበደህ ትንሽ ቮልት አሳዳጊ ሞጁል አድርገህ 12 ስጠው፤ ትንሽ ባትሪ ታጣለህ፣ በቃ። ስክሪኑ ፓልንም ኤንቲኤስሲንም (ሁለቱን የቴሌቪዥን ምስል ስልቶች) የሚቀበል መሆኑንም አረጋግጥ። አለዚያ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ወይም እየተንከባለለ ይወርዳል።

ዊ_ወዳጅ

እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሜጋ ድራይቭ ካሴት ይፈልጋል፤ የካሴቱ ቀዳዳ 64 እግር አለው፣ ቦታ ይበላል፣ ከሳጥኑ ጀርባም ይወጣል። ዊ ጌሙን ከዩኤስቢ ያነባል፣ ዲስክ አያስፈልገውም፣ የጌምኪዩብ ጌሞችንም ይጫወታል። የሚቆረጥበት መስመር በደንብ የታወቀ ነው፣ ዝግጁ የኃይል ቦርዶችም ተሠርተውለታል። ታጋሽ ጀማሪ በዊ ቢጀምር ኃጢአት የለውም።

ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ካዛባኸው ቦርዱ ይሞታል። ጌሙን ከዩኤስቢ የሚያስነሳው ሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ የሚዘጋጀው ከመቁረጥህ በፊት፣ ኮንሶሉ ገና ቴሌቪዥን ላይ ሳለ ነው። የናንድ ሜሞሪውን (የኮንሶሉ ሶፍትዌር የተቀመጠበትን ቺፕ) ባክአፕ አውጥተህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ፤ በእያንዳንዱ ኮንሶል የራሱ ቁልፍ የተመሰጠረ ስለሆነ የሌላ ዊ ቅጂ አይተካልህም። ከዩኤስቢ መነሳቱን ፈትን። ከዚያ የእያንዳንዱን ቮልቴጅ መስመር ከግራውንድ ጋር ያለውን ኦም ለካና ወረቀት ላይ ጻፍ። ይህን የማያደርግ ሰው ከቆረጠ በኋላ የ1 ቮልቱ መስመር በጣም ዝቅተኛ ኦም ሲያሳየው ሾርት መስሎት ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል። የግራፊክስ ቺፑ መስመር በተፈጥሮው ዝቅተኛ ነው፤ የሚያስጨንቀው ከቀድሞው ንባብ መለወጡ ነው።

ስትቆርጥ ከመስመሩ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ቁረጥና የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት አምጣው፦ 220፣ 400፣ ከዚያ 1000። ቦርዱ ብዙ ድርብ መዳብ አለው፤ መጋዙ መዳቡን ጎትቶ ድርቦቹን ያገናኛል፣ ወረቀቱ ነው የሚያላቅቃቸው። ጠርዙ በማጉያ መነጽር ሲታይ ድርቦቹ ተለያይተው እንደ ቀጫጭን መስመር ካልታዩ ማሸቱ አልበቃውም። ብናኙ የመስታወት ቃጫ ነው፣ ማስክ አድርግ፣ እያረጠብክ ሥራ።

አምስት_ቮልት

ዊ_ወዳጅ፣ ያልከው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን የጻፍከው ራሱ ለእኔ ይመሰክራል። ጠያቂው ቀጭን እግር ላይ ሶልደር አድርጎ አያውቅም። ዊው አንድ ነው፣ ከተሳሳተ ምትክ የለውም። በሜጋ ድራይቭ ባትሪውን፣ ስክሪኑን፣ ድምፁን፣ ሳጥኑን ይማርና ዊውን ሁለተኛ ያድርገው። ኒንቴንዶ 64ንም ቢሆን ከዚያ በኋላ ነው የምመክረው። እዚያ ላይ የሽቦ ውፍረት ጨዋታ ይጀመራል፦ አዳፕተሩ በ3.3 ቮልት እስከ 2.7 አምፔር ይሰጣል። 0.25 ሚሊሜትር ሽቦ በሜትር 0.34 ኦም አለው። መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 30 ሳንቲሜትር ብትጠቀም 0.1 ኦም ነው፣ በሙሉው አምፔር 0.27 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ ቦርዱ 3.03 ያገኛል። ጌሙ መሃል ላይ ይደርቃል፣ ሰውም ቺፑን ይከሳል። በ0.8 ሚሊሜትር ሽቦ ግን የሚጠፋው 0.03 ቮልት እንኳ አይሞላም።

በነገራችን ላይ 64ቱ ከፊቱ ያለው የሜሞሪ ቀዳዳ ባዶ ከሆነ ጭራሽ አይነሳም። ቦታ ለማትረፍ ብሎ ያንን አውጥቶ «ሞተብኝ» የሚል አይጠፋም።

ባለካሊፐር

ስለ ካሴቱ ቀዳዳ፣ ስለ ጆይስቲኩና ስለ ሳጥኑ ማንም አልተናገረም።

ሜጋ ድራይቭ ላይ ቀዳዳውን ከቦርዱ አትንቀለው። ቦርዱ በስክሪኑ ጀርባ ይተኛ፣ ካሴቱም ከኋላ ይግባ። ወፍራም ይሆናል፣ ይሁን። ቀዳዳውን በሽቦ ማራቅ ማለት 64 ሽቦ ማለት ነው፤ ሽቦው ከ10 ሳንቲሜትር ሲያልፍ አንዱ የሌላውን ምልክት ማወክ ይጀምራል። ከሁሉ የከፋው ስህተት ደግሞ መስታወት ነው፦ ቦርዱን ገልብጠህ ከታች ስታየው ግራና ቀኙ ይለዋወጣል፣ የኃይሉ እግር ከግራውንዱ ጋር ይጋጫል። የግድ የምታርቅ ከሆነ እያንዳንዱን ሽቦ በቴስተር ድምፅ ፈትን፣ ከጎረቤቱ ጋር አለመነካካቱንም ጭምር።

ለጆይስቲኩ የራሱን የባለ3 ቁልፍ ቦርድ ተጠቀም። ውስጡ አንድ ቺፕ ብቻ ነው ያለው፤ ከኮንሶሉ ጋር የሚያገናኙት 9 እግሮች ናቸው፦ ከ1 እስከ 4 አቅጣጫዎች፣ 5 ለ5 ቮልት፣ 8 ለግራውንድ፣ 7 ኮንሶሉ የሚልከው መምረጫ፣ 6 ላይ ኤና ቢ፣ 9 ላይ ስታርትና ሲ። የ7 ቁጥሩን ሽቦ ብትረሳ አቅጣጫዎቹ ይሠራሉ፣ ቁልፎቹ ግን ግማሹ ይጠፋል። ሰው እዚህ ላይ ቁልፉን መውቀስ ይጀምራል፣ ጥፋቱ ግን የሽቦ ነው። ቁልፎቹን ወደ ሁለት ጎን መክፈል ከፈለግህ ከጥቁሩ ካርቦን ነጥብ ወደ ቺፑ የሚሄደውን መዳብ ገልጠህ ከዚያ ሽቦ አውጣ፤ ካርቦን ላይ ሶልደር አይይዝም።

ድምፁን በተመለከተ ፓም8403 የምትባለው ትንሽ ማጉያ በ5 ቮልት ሁለት ስፒከር ትነዳለች። የስፒከሩን ኔጌቲቭ ግን ከግራውንድ ጋር አታገናኝ። ሁለቱም መውጫዎቿ ሕያው ናቸው፤ ግራውንድ ካደረግኸው ሾርት ነው። በዚሁ ምክንያት የጆሮ ማዳመጫ በቀጥታ አይሰካባትም፣ ማዳመጫው ለሁለቱ ጆሮ አንድ የጋራ ግራውንድ ስላለው። ለማዳመጫው ምልክቱን ከማጉያዋ በፊት ቅዳና ለብቻው የማዳመጫ ማጉያ ስጠው።

ሳጥኑን በ3ዲ ፕሪንተር ካሠራኸው፣ ከፕላስቲኮቹ ፒኤልኤ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ፔትጂ ወደ 80 ይታገሣል። ለሜጋ ድራይቭ ሁለቱም ይሆናሉ፣ ለዊ ፔትጂ ወይም ኤቢኤስ። ግድግዳው 2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር። ብሎን በቀጥታ ፕላስቲክ ላይ አትሰር፣ ሦስት ጊዜ ከፈታኸው በኋላ ይላላል፤ በሙቀት የሚገባ የነሐስ ኤም3 ክር አስቀምጥ። ልትፈታው እንደምትችል ሳይሆን እንደምትፈታው አስብ፦ ፊትና ጀርባውን የሚያገናኙ ሽቦዎች ሁሉ በሶኬት ይሁኑ፣ ክፍሉ እንደ መጽሐፍ እስኪዘረጋ ድረስ ይርዘሙ። የኃይሉ ሽቦ ብቻ አጭር ይሁን።

ፕሪንተር ከሌለህ ከካርቶን አንድ ለአንድ ሞዴል ቆርጠህ በእጅህ ይዘህ እየው። አውራ ጣት ከጠርዙ ሳትንጠራራ አቅጣጫውና ቁልፉ ላይ መድረስ አለባት። ባትሪውን በሁለቱ እጀታ አካባቢ ከፋፍለው፤ ክብደቱ ሁሉ ላይ ላይ ከሆነ እየተገለበጠ ያደክማል።

ጀማሪ_16ቢት

እግዜር ይስጥልኝ! ሜጋ ድራይቭን ይዤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼዋለሁ። ባክ ኮንቨርተሩ ሳይጫንበት 5.02 ያሳያል። ሁሉም ሲበራ ግን ቦርዱ ላይ 4.61 ነው። ጠቅላላው አምፔር በ5 ቮልት በኩል 1.2። ምስሉ ላይ ነጫጭ መስመር ያልፋል፣ ድምፁም ከምስሉ ጋር የሚለዋወጥ ዝዝታ አለው፤ ነጭ ስክሪን ሲመጣ ይጨምራል። ሽቦዎቹ ለመሞከሪያ የሚሆኑት ተሰኪ ጃምፐሮች ናቸው።

ቀጭን_ሽቦ

ሁለቱም ችግር አንድ ምንጭ አለው፦ ጃምፐሮቹ። 0.41 ቮልት በ1.2 አምፔር ሲካፈል 0.34 ኦም ነው፤ ይህ ከቀጭን ሽቦና ከላላ ጫፍ የሚመጣ ቁጥር ነው። ለማረጋገጥ ሁሉም በርቶ ሳለ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ በኮንቨርተሩ ፖዘቲቭ መውጫ፣ ሌላውን በቦርዱ 5 ቮልት ላይ አድርግ። የሚያሳይህ በዚያ ሽቦ ላይ የጠፋው ነው። በግራውንዱ በኩልም እንዲሁ ለካ። ማብሪያው በ5 ቮልቱ በኩል ከገባ እሱንም ለካው፤ ከባትሪው በኩል አዛውረው፣ እዚያ አምፔሩ ያንሳል።

ዝዝታው የመጣው ስክሪኑ፣ ማጉያውና ቦርዱ በአንድ ቀጭን ግራውንድ ላይ ስለተንጠላጠሉ ነው። ስክሪኑ ብዙ ሲስብ ያ ሽቦ ላይ ያለው ቮልት ይነሳል፣ ማጉያዋም እንደ ድምፅ ትሰማዋለች። ከኮንቨርተሩ ግራውንድ ላይ ሦስት ለየብቻ ሽቦ አውጣ፣ አንዱ ለቦርዱ፣ አንዱ ለስክሪኑ፣ አንዱ ለማጉያው፤ ፖዘቲቩንም እንዲሁ። ውፍረቱ ከ0.65 ሚሊሜትር አይነስ፣ ጫፉም ሶልደር ይደረግ። በቦርዱ 5 ቮልት መግቢያ ላይ 470 ማይክሮፋራድ 10 ቮልት ካፓሲተር ጨምር። ከዚያ በኋላም ትንሽ ዝዝታ ከቀረ ለማጉያዋ ብቻ 10 ኦም ሬዚስተር በፖዘቲቩ ላይ፣ ከኋላውም 470 ማይክሮፋራድ አድርግ። ድምፁ በጥቂቱ ይቀንሳል፣ ዝዝታው ግን አብሮ ይጠፋል።

ቮልቱ ሁሉም በርቶ ከ4.9 በላይ ሲሆን ንባቡን እዚህ ጻፈውና ወደ ሳጥኑ እንሂድ።